አሮጌ ጭቃ ቤት ተከራይቶ ምግብ ቤት መክፈት፦ ከጣሪያው እስከ መጀመሪያው ፍርፍር

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ላይ ሱቅ ልከራይ ቢሉ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው መንገድ ዳር ባሉ የድሮ ጭቃ ቤቶች ላይ ነው። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከኋላ ትንሽ ግቢ። ለቁርስና ለምሳ ቤት ይበቃል። እንዲህ ያለ ቤት በደንብ ከታደሰ ደንበኛ የሚወደው፣ ሞቅ ያለ ቦታ ይሆናል። ላዩ ብቻ ከተቀባ ግን የመጀመሪያው ክረምት ጉዱን ያወጣዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። በኪራይ ቤት ላይ የሚወጣ ብር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤቱ ላይ የሚቀር ነው፦ ጣሪያ፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ የተቀበረ ቧንቧ። ሌላው ስትለቁ ይዛችሁት የምትወጡት ነው፦ ሲንክ፣ ሮቶ፣ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ መደርደሪያ፣ ባንኮኒ። አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ። ቤቱ ላይ የሚቀረውን ወጪ በውል አስይዙት። የቀረውን ተነቃይ አድርጋችሁ ሥሩት።

ቤቱን ስታዩ

ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዴ ዝናብ ሲዘንብ። በፀሐይ ጊዜ በርና መስኮቱን ዘግታችሁ ወደ ላይ አንጋጡ። ኮርኒስ ካለው በአንድ ጥግ በኩል አስነሥታችሁ እዩ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ያስገባል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ግድግዳው ሥር የሚጠራቀም ከሆነ የቤቱ በሽታ እዚያ ነው።

የጭቃ ቤት ጉልበቱ ጭቃው ሳይሆን ውስጡ የቆመው ባህር ዛፍ ነው። እንጨቱ የሚበሰብሰው ደግሞ መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። ስለዚህ ካቻቪቴ ይዛችሁ ሂዱ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ልስኑ ያበጠበት ወይም የተላጠበት ቦታ አይጠፋም። እዚያ ጋ እንጨቱን ወጋ አድርጉት። ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ደህና ነው። ያለ ትግል ዘልቆ ገብቶ ደረቅ ዱቄት ይዞ ከወጣ ነቀዝ ወይም ምስጥ በልቶታል። እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ በስብሷል። የማዕዘኖቹንና በሩ መቃን አጠገብ ያሉትን ሳትፈትሹ አትውጡ። አንድ ሁለት ምሰሶ መቀየር ይቻላል። ግማሹ ካለቀ ግን ያ ቤት የሚፈልገው እድሳት ሳይሆን አዲስ ግንባታ ነው። እሱን ደግሞ ተከራይ ከኪሱ መሸፈን የለበትም።

ግድግዳው ላይ ቱንቢ ጣሉበት። ትንሽ ማዘንበል በጭቃ ቤት ያለ ነው። ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሬቱ እየሰመጠ መሆኑን ይናገራል። ግንበኛ ሳያየው ቀብድ አትክፈሉ።

የማን ቤት ነው? እስከ መቼስ ይቆማል?

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ እዚያው አቁሙ። እነዚህ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱ በኋላ የመንግሥት ናቸው። የሚኖርበት ሰው ራሱ ተከራይ ስለሆነ ለእናንተ አሳልፎ ማከራየት አይችልም። የግል ከሆነ ካርታውን በዓይናችሁ እዩ። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም። አንዱ ወንድም አከራይቶ ሌላው ከውጭ አገር መጥቶ "እኔ አልተስማማሁም" የሚልበት ጉዳይ በየሰፈሩ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በብዙ አካባቢ መንገድ ዳር የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። እናንተ የምትፈልጉት ቤት ደግሞ እሱ ነው፤ አሮጌና መንገድ ዳር። ስለዚህ ክፍለ ከተማው ሄዳችሁ አካባቢው በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ዕቅድ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ሰፈርተኛው የሚያወራውም ይረዳችኋል፤ ግን በወሬ ብቻ አትወስኑ።

በዚያው ጉዞ ወረዳው ጋ ሁለት ነገር ጠይቁ። ቤቱ ለምግብ ቤት ንግድ ፈቃድ ይሰጠዋል ወይ? ለምታስቡት እድሳትስ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ግድግዳ ማፍረስ ወይም ጣሪያ መቀየር ከቀለም የተለየ ነገር ነው። ያለ ፈቃድ ተጀምሮ ደንብ አስከባሪ ያስቆመው ሥራ የሠራተኛ ቀን ይበላል።

ውሉ

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የተደነገገው የኪራይ ቁጥጥር ለመኖሪያ ቤት ነው። ለንግድ ቤት ተከራይ ከለላው ራሱ ያስጻፈው ውል ነው።

ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። ለምሳሌ ቤቱ ላይ የሚቀር ሥራ 180,000 ብር ያስወጣችኋል እንበል። ውሉ የአንድ ዓመት ከሆነ በየወሩ ኪራይ ላይ 15,000 ብር ጨመራችሁ ማለት ነው። የሦስት ዓመት ከሆነ ጭማሪው 5,000 ብር ነው። ያው ቤት፣ ያው ሥራ፣ የተለያየ ንግድ። ስለዚህ ከኪራዩ ዋጋ በላይ ስለ ዘመኑ ተከራከሩ። ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ጣሪያ የሚያስቀይር ቤት ውስጥ እኔ አልገባም።

አከራዩዋ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ወሬውም እንዲህ ይሄዳል።

"እማማ፣ ጣሪያውን እኔ ላስቀይረው፤ ከኪራዩ ይታሰብልኝ።"

"ልጄ፣ ኪራዩ እኮ የወር ቀለቤ ነው። ሙሉውን ከቆረጥሽብኝ ምን እበላለሁ?"

እውነታቸውን ነው። መፍትሔው በየወሩ ከኪራዩ የተወሰነውን፣ ለምሳሌ ሩቡን ብቻ እያስቀሩ ወጪውን ማካካስ ነው። እሳቸው አይራቡም፤ እናንተም ገንዘባችሁን ታገኛላችሁ። ይህ በቃል እንዳይቀር። ልጆቻቸው ነገ ሊያናግሯችሁ ይችላሉና ወረቀት ላይ ይስፈር።

ውሉ ውስጥ የማይቀሩ ነገሮች፦ ዘመኑ፤ ኪራይ መቼና በስንት በመቶ እንደሚጨምር፤ የትኛው እድሳት ከኪራይ እንደሚታሰብ፤ ስትለቁ ነቅላችሁ የምትወስዱት ዕቃ ዝርዝር፤ ቤቱ ለልማት ቢፈለግ ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ እንደሚመለስ፤ እስከ ውሉ ቀን ድረስ ያለው የውሃና የመብራት ውዝፍ የአከራይ መሆኑ። የቤቱን ፎቶ ከሁሉም አቅጣጫ አንሡ። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አጽድቁት።

መጀመሪያ በጠመኔ

ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉት። ምጣዱ እዚህ፣ ሲንኩ እዚህ፣ ፍሪጁ እዚህ። ከዚያ ባዶ ሰሃን ይዛችሁ ተመላለሱበት። ጥሬው በአንድ በኩል ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በስሎ፣ በሌላ በኩል ወደ ደንበኛው ይውጣ። የቆሸሸ ሰሃን የሚመለስበት መንገድ ከበሰለው ምግብ ጋር እንዳይጋጭ። ጠባብ ቤት ውስጥ ይህ ፍጹም አይሆንም፤ ግን ጥሬ ሥጋ የሚከተፍበት ቦታ ሰላጣ ከሚሠራበት መራቅ አለበት።

የጾም ዕቃ የራሱ መደርደሪያ፣ የራሱ መክተፊያ፣ የራሱ ድስት ይኑረው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት... ከዓመቱ ትልቁን ክፍል የምትሸጡት ጾም ነው። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ያያችኋል። በሽሮ ማንኪያ ቅቅል ሲጨለፍ ካየ ተመልሶ አይመጣም። ቦታውን ከአሁኑ ያዙለት።

እጅ መታጠቢያ ሁለት ይሁን። አንዱ ለደንበኛ በመግቢያው፣ አንዱ ለሠራተኛ ወጥ ቤቱ ውስጥ። ዕቃ በሚታጠብበት ሲንክ እጅ አይታጠብም።

ጣሪያ ይቅደም

የሥራው ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ነው። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ ቀለም። ወቅቱ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ጭቃና ልስን በደንብ የሚደርቁት ያኔ ነው። ሰኔ ላይ ጣሪያ ማንሣት ቤቱን ለዝናብ አሳልፎ መስጠት ነው።

ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ32 ይሳሳል፣ 28 ደግሞ ከሁለቱም ይወፍራል። ወጥ ቤት ላይ እንፋሎትና ጭስ ስለማይለየው ስሱ ቆርቆሮ ቶሎ ይዝጋል። ሚስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፤ የሚመታውም ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። አሸንዳ አትተዉ። ከጣሪያ የወረደ ውሃ ግድግዳው ሥር ከተንጠባጠበ ከታች የምትሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው።

ጣሪያው ሲነሣ እግረ መንገዳችሁን ከግድግዳው አናት እስከ ቆርቆሮው ያለውን ክፍተት በብረት ወንፊት ዝጉ። የአዲስ አበባ አይጥ ዋና በር እሱ ነው። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያስገባል፤ ስለዚህ የወንፊቱ ዓይን ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ኮርኒስ ከተመታ በኋላ ይህን ለመሥራት ሁሉንም ማፍረስ ይጠይቃል።

ግድግዳ

ብር የሚባክነው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ጭቃው ላይ ቀጥታ ሲሚንቶ ያስለስናል። ለጥቂት ወራት ያምራል። ከዚያ በሰፊው ተላቆ ይወድቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። የላላውን ልስን እስከ ጠንካራው ድረስ አራግፉ። ስንጥቁን በጭድ በተቦካ ጭቃ ሙሉት። ጭቃው ለተወሰኑ ቀናት እየተረገጠ ይክረም፤ ቸኩሎ የተለሰነ ጭቃ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ የዶሮ ሽቦ ወጥራችሁ እንጨቱ ላይ በሚስማር ያዙት፤ ጭቃው ላይ ብቻ ከተመታ አይይዝም። በላዩ የሚመጣው ልስን ጭቃውን ሳይሆን ሽቦውን ይዞ ይቆማል።

ወጥ ቤቱ ሲንክና ምጣድ ያለበት ግድግዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ሴራሚክ ጭቃ ላይ አትለጥፉ። ከጭቃው ፊት ባለ 10 ሴንቲ ብሎኬት ከራሱ ትንሽ መሠረት ላይ አስገንቡና ሴራሚኩ እሱ ላይ ይለጠፍ። እስከ ሰው ቁመት ከደረሰ ይበቃል። አንድ ስንዝር ቦታ ይወስድባችኋል፤ በምትኩ ለዓመታት አታስቡትም። ጂፕሰም ለመመገቢያው ክፍል ያምራል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ግን እንፋሎት ይጨርሰዋል።

ከውጭ በኩል ግድግዳው ሥር ለዓመታት የተከመረውን አፈር ቆፍራችሁ አንሡ። መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጉ። ይህ የአንድ ቀን ጉልበት ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ከውድ ቀለም ሁሉ ይበልጣል።

የድሮ ዘይት ቀለም ስታስፍቁ እያረጠባችሁ ይሁን። የዱሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ደረቅ አቧራው ምግብ የሚሠራበት ቤት ውስጥ መቅረት የለበትም።

ውሃ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የግድ ነው። ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ጭቃ ቤት ጣሪያ ላይ አይወጣም! ጓሮ ውስጥ ኮንክሪት ላይ የቆመ የብረት መቆሚያ አስበይዱ። ስትለቁ ሮቶውም መቆሚያውም ይነሣል።

የፍሳሽ ቧንቧ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ያህል ያዘንብል። ከሲንኩ በኋላ፣ ወደ ጉድጓዱ ከመድረሱ በፊት፣ ዘይት የምታስቀር ክዳን ያላት ትንሽ ጉድጓድ አሠሩ። የወጥ ዘይት ቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። በየሳምንቱ ተከፍታ ትጠረግ። ፍሳሽ ወደ መንገድ መልቀቅ ቅጣት ያመጣል፤ ከቅጣቱም በላይ በርህ ላይ የሚሸት ውሃ ካለ ማን ገብቶ ይበላል?

መብራት

እዚህ ላይ ቆጠብ አትበሉ። የእንጨት ቤት ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይጠጋል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ሁለት ምጣድ ሲበራ 32 አምፔር። ፍሪጅ፣ የውሃ ማፍያና የቡና ማሽን ሲጨመር ከ40 ያልፋል። የድሮ መኖሪያ ቤት ቆጣሪና መስመር ለዚህ አልተሠራም። ስለዚህ ውል እንደተፈረመ በዚያው ሳምንት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የኃይል ማሻሻያ አመልክቱ። ከእድሳቱ ሁሉ የሚዘገየው እሱ ሊሆን ይችላል።

ኮርኒስ ውስጥ ያለውን አሮጌ ሽቦ አውጥታችሁ ጣሉት። አይጥ የላጠው አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ምጣድ ከማከፋፈያው የሚነሣ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይሰጠው። ምጣድ ዲቫይደር ላይ አይሰካም። ግራውንድ ይቀበር። ሰው ሲይዝ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከርም ይጨመር፤ እርጥብ እጅ ባለበት ቤት ነፍስ ያድናል። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ከሚቀበር በላዩ በፕላስቲክ ቱቦ ቢሄድ ይሻላል፦ ለመጠገንም፣ ስትለቁ ለመንቀልም። ለፍሪጁ ስታብላይዘር ግዙ።

ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲሊንደሩ ውጭ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ግድግዳው ታች በኩል ወንፊት ያለው ቀዳዳ ያስፈልጋል። ከሰል ለሚያነዱ ደግሞ ጭስ መውጫና የሚከፈት መስኮት የግድ ነው። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም።

የእሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ይሰቀል፤ የእሳት አደጋ ስልኩን 939ን ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት። ዘይት በእሳት ሲያያዝ ውሃ እንደማይደፋ፣ በክዳን እንደሚታፈን ሠራተኞቻችሁ ሁሉ ይወቁ።

ወለል፣ ኮርኒስ፣ ቀለም

የአፈር ወለል ከሆነ ቆፍራችሁ ድንጋይ አስነጥፉ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ኮንክሪት። ፕላስቲኩ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ ያደርጋል። ሴራሚኩ የማያንሸራትት፣ ወደ ማፍሰሻው ትንሽ ያዘነበለ ይሁን። ኮርኒሱ በጨርቅ የሚወለወል፣ ለምሳሌ ፒቪሲ። ቀለም የመጨረሻው ነው፤ ነጣ ያለ ይሁን። ልስኑ ሳይደርቅ አትቀቡ።

ከሠራተኛ ጋር

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ ለባለሙያው የእጅ ዋጋ ክፈሉ። በቁርጥ ተስማሙ፤ በቀን ሒሳብ የሄደ ሥራ አያልቅም። ክፍያው በደረጃ ይሁን፦ ጥቂት ቀብድ፣ ጣሪያው ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ልስኑ ሲያልቅ ይህን ያህል። የመጨረሻውን ክፍያ ውሃ እስኪፈስ፣ መብራት እስኪበራ አቆዩት። ሲሚንቶ አስቀድማችሁ አታከማቹ፤ እርጥበት ሲነካው ይጠጥራል። ለበር፣ ለመስኮትና ለብረታ ብረት ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ደህና ያገለገለ ነገር አታጡም። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ግን አዲስ ብቻ።

ከመክፈታችሁ በፊት

ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ባለሙያ መጥቶ ያየዋል። የሠራተኞቻችሁ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ ንግድ ፈቃዱ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፈቃዱ አንድ ፋይል ውስጥ ይሁኑ። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡ፦ 5 ዲግሪና ከዚያ በታች። ትኩስ ወጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ። በሁለቱ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ምግብ አይሸጥም።

ከዚያ በሩ ዝግ እንደሆነ አንድ ቀን ሙሉ ሥሩ። ምጣዶቹን ሁሉ አብሩ፤ ፍሪጁም ማፍያውም ይሰካ። ፍርፍር፣ ጨጨብሳ፣ ሽሮ፣ ሻይ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ጎረቤትና አከራይዋን ጋብዙ። ሰዓት ካለፈ በኋላ ሶኬቱንና የሽቦውን ሽፋን ከላይ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ሞቅ ካለ ኤሌክትሪሽያኑ ይመለስ። ሲንኩን ሞልታችሁ በአንድ ጊዜ ልቀቁትና ጓሮ ሄዳችሁ ጉድጓዱን እዩ። ጭሱ ወደ ጎረቤት መስኮት የሚሄድ ከሆነ መውጫው ቆርቆሮውን አልፎ ከፍ ይበል። ጉድለቱን ሁሉ ጻፉት፤ ለየባለሙያው የቀረውን ክፍያ የምትሰጡት ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ነው።